ስለ ባሕር ዐውሎ ነፋስ አሠራር፥ ኃይሉም ስለሚለዋወጥበት ምክንያት የተነገረ ንግግር



ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰው ስለ ባሕር ማዕበል መናገር ለማይሄድበት መንገድ ስንቅ እንደ ማሰናዳት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ነፋስ ወሰን የለውም። በአንድ አገር ደጋ ላይ የተነሣ ደመና በሌላ አገር ባሕር ላይ ማዕበል ይሆናል፤ በሩቅ ባሕር ላይ የተነሣውም ማዕበል በምድረ በዳ ዝናም አዝንሞ፥ የአንበጣ መንጋ አስነሥቶ፥ የሦስተኛውን አገር እህል ያስበላል። ይህም በምሳሌ የተነገረ ሳይሆን በዚህ ዘመን በእውነት የሆነ ነገር እንደ ሆነ ወደ ኋላ ይገለጻል።

ስለዚህ ማዕበል ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል። ፊተኛው፥ ወዴት ይሄዳል? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ በደረሰ ጊዜ ኃይሉ ምን ያህል ይሆናል? የሚል ነው። ለፊተኛው ጥያቄ የዛሬ ሊቃውንት ብዙ ቀን አስቀድመው መልስ ይሰጣሉ። ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያስቸግራል፤ ማታ ደካማ የነበረው ነፋስ በነጋታው ከተማ የሚያፈርስ ሆኖ ይገኛልና። ብዙ ሰውም የሞተው መንገዱን ባለማወቅ ብቻ ሳይሆን፥ ኃይሉን በመናቅና ጸጥታውን በማመን ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ነፋሱ እንዴት እንደ ተሠራ፥ ቀጥሎም ኃይሉ በምን ምክንያት እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ ማስረዳት ይገባል። በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ስሙና ስለ መታወቁ

ይህ ማዕበል በአትላንቲክ ውቅያኖስና በአሜሪካ ዙሪያ ሃሪኬን ይባላል። ስሙም የካሪብያን ደሴቶች የጥንት ነዋሪዎች ከሚናገሩት ቋንቋ የተወሰደ ነው። በቻይናና በጃፓን ባሕር ታይፉን፥ በሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎን ይሉታል። ስሙ ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው።

በበጋ ወራት በሜዳ ላይ አቧራና ገለባ እየጠቀለለ የሚነሣውን ዐውሎ ነፋስ የማያውቅ ገበሬ የለም። የዚያ ወርዱ ጥቂት ክንድ፥ ዕድሜውም ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሚነሣውም ፀሓይ ካጋለችው መሬት ነው። የባሕሩ ዐውሎ ነፋስ ግን ከሞቀ ባሕር ይነሣል፤ ወርዱ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ ዕድሜውም ሳምንት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ይሆናል። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በመሽከርከራቸው ነው።

ማዕበሉ የሚሽከረከር መሆኑን መርምረው ካስረዱት ሰዎች አንዱ ዊልያም ሬድፊልድ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ የተማረው የኮርቻና የፈረስ ዕቃ ሥራ ነበረ። በሴፕቴምበር 1821 በኮኔቲከት አገር ጽኑ ማዕበል ካለፈ በኋላ ሲጓዝ የወደቁትን ዛፎች ተመለከተ። በአንደኛው ስፍራ ዛፎቹ ጫፋቸውን ወደ ሰሜን ምዕራብ አድርገው ወድቀዋል፤ ከዚያ ርቆ በሄደ ጊዜ ግን በዚያው ማዕበል የወደቁት ዛፎች ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተዘርግተው አገኘ። ማዕበሉ አንድ ሲሆን ነፋሱ ስለ ምን ሁለት ሆነ? ብሎ ጠየቀ። ብዙ ጊዜም ከመረመረ በኋላ፥ ማዕበሉ እንደ መንኰራኵር የሚዞር አንድ ታላቅ ዐውሎ ስለ ሆነ ነው፥ በአንዱ ጐኑ ወዲህ፥ በሌላው ጐኑ ወዲያ ይነፍሳል ሲል በ1831 ጽፎ አሳተመ። የወደቀውን ዛፍ ያላየ የአገር ሰው አልነበረም፤ ዛፉን የጠየቀው ግን ኮርቻ ሠሪው ነው።

ስለ ነፋሱ አሠራር

የዐውሎው አሠራር በክብ ቤት ሊመሰል ይችላል። በክብ ቤት መካከል ምሰሶ የሚቆምበት ስፍራ አለ፤ በዙሪያው ግድግዳ አለ፤ ከግድግዳውም ውጭ ግቢና አጥር አለ። ዐውሎውም እንዲሁ ሦስት ክፍል አለው።

መካከሉ ዓይን ይባላል። ወርዱ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 65 ኪሎ ሜትር ነው። በዚያ ስፍራ አየሩ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ስለሚወርድ ደመናው ይሳሳል፥ ነፋሱም ጸጥ ይላል። አንዳንድ ጊዜ ሰማዩ ጠርቶ በቀን ፀሓይ፥ በሌሊት ከዋክብት ይታያሉ።

በዓይኑ ዙሪያ እንደ ግንብ የቆመ የደመና ግድግዳ አለ። ከፍታው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ከሁሉ የሚበረታው ነፋስና ከሁሉ የሚጸናው ዝናም በዚህ ግድግዳ ውስጥ ነው። ከግድግዳው ውጭ ደግሞ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘ የደመና መስመር በየረድፉ ይዘረጋል። በዚያ ዝናሙ ይመጣል፥ ይቆማል፥ ደግሞም ይመጣል፤ ነፋሱም ከመካከል እየራቀ በሄደ መጠን ይደክማል። እንግዲህ በዚህ ማዕበል ውስጥ ከሁሉ የበረታው ስፍራና ከሁሉ ጸጥ ያለው ስፍራ ጐረቤታሞች መሆናቸውን አስተውሉ። የብዙ ሰው ጥፋት ከዚህ ይመጣል።

ነፋሱ ወደ መካከል በቀረበ ቍጥር ስለ ምን ይፈጥናል? በዐውሎው መካከል የአየሩ ክብደት ስለሚቀንስ፥ ከዙሪያው ያለው አየር ወደዚያ ይሮጣል። ነገር ግን ምድር በራስዋ ዛቢያ ስለምትዞር የሚሮጠው አየር ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ወደ ጐን እየታጠፈ ይሽከረከራል። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ባለው ክፍል የሚዞረው የሰዓት ዘንግ ከሚዞርበት በተቃራኒው ነው፤ በስተ ደቡብ ባለው ክፍል ግን ከሰዓት ዘንግ ጋራ ይስማማል። ልጅ ድንጋይ በገመድ አስሮ ሲያሽከረክር፥ ገመዱ በጣቱ ላይ እየተጠቀለለ ባጠረ ቍጥር የድንጋዩ ዙረት ይፈጥናል። አየሩም እንዲሁ ወደ መካከል እየተሰበሰበ ዙሪያው በጠበበ ጊዜ ፍጥነቱን ይጨምራል።

መምህር ይህን ለሕፃናት በቀላሉ ሊያሳያቸው ይችላል። ግርጌው በተበሳ ቅል ወይም ዕቃ ውስጥ ውሃ ሞልቶ፥ ውሃውን በጣቱ ጥቂት ካዞረ በኋላ ደቃቅ ገለባ ይበትንበት። ገለባው በዕቃው አፍ ዳር ቀስ ብሎ፥ ወደ ቀዳዳው ሲቀርብ ግን እጅግ ፈጥኖ ሲዞር ይታያል።

ከዚህ አሠራር የተነሣ መርከበኞች የሚጠብቁት አንድ ደንብ አለ። በሰሜኑ የምድር ክፍል ነፋሱን በጀርባው ተቀብሎ የሚቆም ሰው የማዕበሉ መካከል በግራው በኩል ይሆናል። ይህንም ደንብ በ1857 የገለጸው ባይስ ባሎት የተባለ የሆላንድ ሊቅ ነው። ሌላም ነገር አለ። ዐውሎው ሲሽከረከር ሁለመናው ደግሞ ወደ ፊት ይጓዛል። ስለዚህ በሰሜኑ ክፍል ማዕበሉ በሚሄድበት አቅጣጫ በስተ ቀኝ ያለው ነፋስ የጕዞው ፍጥነት ስለሚጨመርበት ይበረታል፤ በስተ ግራ ያለው ግን ስለሚቀነስበት ይለዝባል። ለምሳሌ የሚሽከረከረው ነፋስ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር፥ የሁለመናውም ጕዞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን፥ በቀኙ 180 ገደማ፥ በግራው 120 ገደማ ይሆናል።

ነፋሱ በከፍታም ይለያያል። ከመሬትና ከውሃ ጋራ ሲታሽ ይዘገያል፤ ወደ ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ሲወጣ ከሁሉ ይፈጥናል። ይህም በደንብ የታወቀው ከ1997 ጀምሮ ከአይሮፕላን በትንሽ ጃንጥላ ተንጠልጥለው የሚወርዱ መለኪያዎች በየከፍታው ያለውን ነፋስ እየለኩ በራዲዮ ስላስታወቁ ነው። ስለዚህ ከጐርፍ ሸሽቶ ወደ ረጅም ፎቅ ጫፍ የወጣ ሰው ከታች ካለው የበረታ ነፋስ ያገኘዋል።

የነፋሱን ኃይል በአምስት ደረጃ የከፈሉት ሳፊር የተባለ የሕንፃ መሐንዲስና ሲምፕሰን የተባለ የአየር ጠባይ ሊቅ ናቸው። ነፋሱ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ሃሪኬን ይባልና በመጀመሪያው ደረጃ ይቈጠራል፤ 178 ሲደርስ ሦስተኛ፥ 252 ሲደርስ አምስተኛ ይሆናል። ነገር ግን ቍጥሩ እንዳያታልል መጠንቀቅ ይገባል። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰውን የቻለ ግድግዳ ለ200 ኪሎ ሜትሩ አራት እጥፍ ብርታት ያስፈልገዋል።

ስለ ምግቡ

እሳት ያለ ማገዶ እንደማይነድ፥ ይህም ዐውሎ ያለ ምግብ አይኖርም። ምግቡ ከሞቀ ባሕር የሚነሣ እንፋሎት ነው። እንፋሎት ሙቀትን ተሸክሞ መሄዱን አረቄ የምታወጣ ሴት በሥራዋ ታውቀዋለች። ከእሳቱ ላይ ካለው ማሰሮ የወጣው እንፋሎት በመቃው አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ሲገባ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ቀዝቃዛው ውሃ ስለሚሞቅ ደጋግማ ትለውጠዋለች። እሳት ያልነካውን ውሃ ያሞቀው ምንድር ነው? እንፋሎቱ ከእሳቱ ተሸክሞት የመጣው ሙቀት ነው።

በባሕር ላይም እንዲሁ ነው። ማሰሮው ባሕሩ ነው፥ እሳቱ ፀሓይ ናት፥ መቀበያው ዕቃ ደመናው ነው። እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ የዝናም ጠብታ ሲሆን ተሸክሞት የነበረውን ሙቀት ለአየሩ ይለቃል። የሞቀው አየር ይቀልላል፥ ይወጣል፤ ከበታቹ ያለው አየር ክብደት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከዙሪያው ሌላ አየር ይሮጣል፥ እርሱም በባሕሩ ላይ ሲያልፍ አዲስ እንፋሎት ይዞ ይመጣል። እንዲህ እያለ ነፋሱ ምግቡን ያመጣል፥ ምግቡም ነፋሱን ያበረታል።

ይህ እንዲሆን ግን ጥቂት ነገር መሟላት አለበት። የባሕሩ ፊት 26 ወይም 27 ዲግሪ ያህል መሞቅ አለበት፤ ሙቀቱም ወደ ታች 50 ሜትር ያህል መዝለቅ ይገባዋል። አየሩ እርጥበት ይፈልጋል። ስፍራው ከምድር ወገብ ብዙውን ጊዜ 500 ኪሎ ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልገዋል፤ በወገቧ አጠገብ አየርን የሚያጥፈው የምድር ዙረት ኃይል እጅግ ትንሽ ነውና። ከዚህም ሁሉ ጋራ በላይ ያለው ነፋስና በታች ያለው ነፋስ መስማማት አለባቸው። የላይኛው ወደ አንድ ወገን፥ የታችኛው ወደ ሌላ ወገን ቢነፍስ፥ የዐውሎው ራስና እግር ተለያይቶ ይፈርሳል።

ኃይሉ ስለሚለዋወጥበት ምክንያት

ከላይ የተባለው ሁሉ ሲሟላ ዐውሎው በአንድ ቀን ይለወጣል። በኦክቶበር 2005 ዊልማ የተባለው ሃሪኬን በካሪብያን ባሕር ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ ከደረጃ በታች ከነበረ ነፋስ ተነሥቶ በሰዓት ወደ 280 ኪሎ ሜትር ደረሰ። በዚያ ጊዜ ዓይኑ ጠብቦ ወርዱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበረ። የገመዱ ምሳሌ በዚህ ተፈጸመ፤ ዙሪያው ሲጠብብ ፍጥነቱ በዛ።

ነገር ግን እንዲህ የጠበበ ግድግዳ አይጸናም። ከውጭ ሌላ የደመና ግድግዳ ይነሣና የፊተኛውን ይከብበዋል። ወደ መካከል የሚገባውን እርጥብ አየር ውጭኛው ስለሚቀማው ውስጠኛው ይራባል፥ ይፈርሳልም፤ ሰፊው ግድግዳ ስፍራውን ይወርሳል። ያን ጊዜ የነፋሱ ከፍተኛ ፍጥነት ይቀንሳል፥ ብርቱው ነፋስ የሚደርስበት አገር ግን ይሰፋል። የዊልማም ዓይን በማግሥቱ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሰፋ። ፍጥነቱ መቀነሱን ብቻ ሰምቶ፥ ማዕበሉ ደከመ ብሎ ደስ የሚለው ሰው በዚህ ይሳሳታል።

ለዚህ ምስክሩ በዚያው ዓመት የደረሰው ካትሪና ነው። ካትሪና በኦገስት 28 ቀን 2005 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሳለ ነፋሱ በሰዓት ወደ 280 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። በማግሥቱ በአሜሪካ ምድር ላይ ሲደርስ ወደ 205 ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከአምስተኛው ደረጃ ወደ ሦስተኛው ወርዷል ማለት ነው። ነገር ግን ወርዱ እጅግ ሰፍቶ ስለ ነበረ የገፋው ውሃ አልቀነሰም። በሚሲሲፒ ዳርቻ ባሕሩ ከ8 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ወደ የብስ ወጣ፤ በኒው ኦርሊንስ ከተማ የውሃ መከላከያው ግንብ ፈርሶ የከተማዪቱ ብዙ ክፍል ሰጠመ፤ ከ1,300 በላይ ሰዎችም ሞቱ። በአሜሪካ ለ50 ዓመት የተቈጠረው ቍጥር እንደሚያስረዳው፥ ማዕበሉ ራሱ ከገደላቸው ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ የሞቱት በውሃ ነው። ሰው ግን ነፋሱን እየለካ ውሃውን ይረሳል።

ዐውሎውን የሚያደክመው ደግሞ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው፥ ከላይ እንደ ተነገረው የላይኛውና የታችኛው ነፋስ አለመስማማት፥ ደረቅ አየርም መግባት ነው። ሁለተኛው ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ዐውሎው በአንድ ስፍራ ሲዘገይ ባሕሩን ስለሚያማስለው፥ ከታች ያለው ብርድ ውሃ ወደ ላይ ይወጣና ምግቡን ይቈርጥበታል። ሦስተኛው የብስ ነው። ወደ የብስ ሲገባ እንፋሎቱን ስለሚያጣ ነፋሱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሞታል፤ ዝናሙ ግን ከነፋሱ በኋላ ብዙ ቀን ሊያጥለቀልቅ ይችላል።

ስለ ጸጥታው ማታለል

በሴፕቴምበር 18 ቀን 1926 ጽኑ ሃሪኬን በአሜሪካ የማያሚን ከተማ ሌሊቱን ሲመታ አድሮ፥ በማለዳ ነፋሱ በድንገት ጸጥ አለ። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ በቅርብ ጊዜ ከሌላ አገር የመጡ ስለ ነበሩ የዚህን ማዕበል ጠባይ አያውቁም። አለፈልን ብለው ወደ መንገድ ወጡ፤ ከባሕር ማዶ ያሉትም ድልድዩን ለመሻገር ጕዞ ጀመሩ። የከተማዪቱ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሹም ሪቻርድ ግሬይ በመንገድ ላይ ወጥቶ፥ ይህ የማዕበሉ ዓይን ነው፥ ወደ ቤት ግቡ! እያለ ጮኸ። ጸጥታው የቆየው ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ግድግዳ በተቃራኒ አቅጣጫ ደርሶ በመንገድና በድልድይ ያገኛቸውን ብዙ ሰዎች ገደለ። የገደላቸው ብርቱ ነፋስ ብቻ አልነበረም፤ የክብ ቤቱን ሥራ አለማወቃቸው ደግሞ ገደላቸው።

መንገዱን ስለ ማወቅ፥ ኃይሉንም ስለ አለማወቅ

በኩባ ደሴት በሃቫና ከተማ ቤኒቶ ቪኜስ የሚባሉ ካህን ከ1870 ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ 1893 የቤሌን ትምህርት ቤት የሰማይ መመልከቻ አለቃ ነበሩ። እኚህ ካህን በከፍታ ላይ የሚበተነውን ቀጭን ደመና፥ የነፋሱን አቅጣጫና የአየሩን ክብደት በየቀኑ እየመዘገቡ፥ ማዕበሉ ከወዴት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ ለመናገር ቻሉ። በሴፕቴምበር 1875 ያወጡት ማስጠንቀቂያ ከፊተኞቹ የሃሪኬን ትንቢቶች አንዱ ነው፤ የብዙ ሰውም ነፍስ አድኗል።

በ1900 ግን የሃቫና ተመልካቾች፥ ማዕበሉ ወደ ቴክሳስ ይሄዳል ብለው ሲያስቡ፥ የዋሺንግቶን ባለሥልጣኖች ወደ ሰሜን ይታጠፋል ብለው ነበር። በሴፕቴምበር 8 ቀን ማዕበሉ በቴክሳስ ጋልቬስተን የተባለችውን የደሴት ከተማ መታ። የከተማዪቱ ከፍተኛው ስፍራ ከባሕር በላይ ሦስት ሜትር አይሞላም ነበር፤ ባሕሩ ግን ከአራት ሜትር በላይ ተነሣ። ከ6,000 የማያንሱ፥ ምናልባትም 8,000 የሚሆኑ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ ነዋሪዎቹ አምስት ሜትር ያህል ከፍ ያለ ግንብ በባሕሩ ዳር ሠሩ፥ የከተማዪቱንም መሬት በአሸዋ ሞልተው ከፍ አደረጉት። በ1915 ሌላ ጽኑ ሃሪኬን በመጣ ጊዜ ግንቡ ከተማዪቱን ጠበቃት። በዚያው ዳርቻ ባለችው በሂውስተን ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉና፥ ይህ ነገር ለእነርሱ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም።

በ1943 ጆሴፍ ዳክዎርዝ የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ አይሮፕላኑን ነድቶ ወደ ሃሪኬን ዓይን ገብቶ በደኅና ወጣ። ከዚያ ወዲህ በአይሮፕላን መለካት፥ ቀጥሎም በሳተላይት መመልከት ተለመደ። በ1990 ገደማ ሦስት ቀን አስቀድሞ የሚነገረው የማዕበል መንገድ በአማካይ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይስት ነበር፤ ዛሬ ግን ስሕተቱ ከ200 በታች ነው።

ኃይሉን በመገመት በኩል ግን ገና ብዙ ይቀራል። በኦክቶበር 2023 ኦቲስ የተባለው ነፋስ ወደ ሜክሲኮ ዳርቻ ሲቀርብ፥ ከአንድ ቀን በፊት የተነገረው ትንቢት ከመጀመሪያው ደረጃ አያልፍም የሚል ነበር። ነፋሱ ግን በሞቀ ባሕር ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ከደረጃ በታች ተነሥቶ አምስተኛው ደረጃ ደረሰ። በኦክቶበር 25 ሌሊት በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ እየነፈሰ ከ700,000 በላይ ሰው የሚኖርባትን የአካፑልኮን ከተማ መታ። የረጃጅሞቹ ሆቴሎች መስኮትና ግድግዳ ተገፎ አጥንታቸው ብቻ ቀረ፤ 50 ያህል ሰዎችም ሞቱ። ሕዝቡ የሰማው ማስጠንቀቂያ ሐሰት አልነበረም፤ በተነገረበት ሰዓት የታወቀው ያ ብቻ ነበረ። ነገር ግን ነፋሱ ከወሬው ፈጠነ።

ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ዘይት ጭስ የተነሣ ምድርና ባሕር እየሞቁ ሄደዋል። ከ1980ዎቹ ወዲህም ከሦስተኛው ደረጃ ጀምሮ ያሉት ብርቱዎቹ ማዕበሎች ከጠቅላላው ቍጥር የያዙት ድርሻ እንደ ጨመረ የሚያመለክት ምርመራ አለ። እንግዲህ የኦቲስን የመሰለ ድንገተኛ ለውጥ ለሚመጣውም ትውልድ ትምህርት ሊሆን ይገባዋል።

ነገሩ ከኢትዮጵያ ጋራ ስላለው ግንኙነት

በክረምት ወራት በኢትዮጵያ ደጋና በሱዳን በዳርፉር ተራሮች ላይ የነጐድጓድ ደመና ይነሣል። ከነዚህ አንዳንዶቹ በአፍሪካ ሰማይ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንደ ሞገድ ይጓዛሉ፤ በሴኔጋል ዳርቻ አልፈው ወደ አትላንቲክ ይወጣሉ። በየዓመቱ ስድሳ ያህል ሞገድ እንዲህ ይወጣል። የሚበዙት ያለ ጕዳት ይጠፋሉ፤ ጥቂቶቹ ግን የሞቀውን ባሕርና የተስማማውን ነፋስ አግኝተው ሃሪኬን ይሆናሉ። በአትላንቲክ ከሚነሡት ብርቱዎች ሃሪኬኖች ከመቶው 85 ያህሉ ከእነዚህ የአፍሪካ ሞገዶች የተወለዱ ናቸው። በኦገስት 2000 አልቤርቶ የተባለው ሃሪኬን ከመነሣቱ በፊት፥ የደመናው ጅማሬ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ እንደ ነበረ ሊቃውንት ተከታትለው ጽፈዋል። እንግዲህ ገበሬው ከበሩ ቆሞ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ያየው ደመና ዕጣው ምን እንደ ሆነ ማን ያውቃል?

ከምሥራቅ በኩልም የሚመጣ ነገር አለ። በሜይ 2018 መኩኑ፥ በኦክቶበርም ሉባን የተባሉ ሁለት ሳይክሎኖች በዐረብ ምድረ በዳ ላይ ብዙ ዝናም አዘነሙ። ሰው በሌለበት አሸዋ ላይ ሣር በቀለ፥ አንበጣም ሳይታይ በሦስት ትውልድ ተባዛ። መንጋውም በየመን አልፎ በ2019 እና በ2020 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ከ25 ዓመት ወዲህ ያልታየ ጕዳት በእህልና በግጦሽ ላይ አደረሰ። በኖቬምበር 22 ቀን 2020 ደግሞ ጋቲ የተባለው ሳይክሎን ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ከደካማ ነፋስነት ወደ ብርቱ ማዕበልነት ተለውጦ የሰሜን ምሥራቅ ሶማሊያን ዳርቻ መታ። በሶማሊያ ምድር ላይ በሃሪኬን ኃይል ሲደርስ የተመዘገበ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዊልማና ኦቲስ ያደረጉት ነገር እንዲህ ከጐረቤት ደረሰ።

ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የቀረበ ምክር

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገር ለልጆች ማስተማር ይገባል። አንደኛው፥ ጸጥታ ሁሉ ሰላም አይደለም፤ ጸጥታው ከወዴት እንደ መጣ ሳይታወቅ ከመጠጊያ መውጣት አይገባም። ሁለተኛው፥ የትናንቱ ልክ ለዛሬ መለኪያ አይሆንም፤ ደካማ የተባለው ነገር የሚመገበው ካገኘ በአንድ ሌሊት ይበረታል፤ ስለዚህ ብልህ ሰው ከተነገረው አንድ ደረጃ አብልጦ ይዘጋጃል። ሦስተኛው፥ ኃይል በፍጥነት ብቻ አይለካም፤ ስፋቱንና የሚያስከትለውን ውሃ መመልከት ያስፈልጋል። ይህ ሦስተኛው ነገር በወንዝ ዳርና በቈላ ለሚኖር ሰው ጎርፍን ለመጠንቀቅ ይጠቅመዋል፤ ከደጋ የዘነመ ዝናም ሰማይ በጠራበት ቈላ ሰው ይወስዳልና።

ሽማግሌዎችም የአየሩን ምልክት ከአባቶቻቸው ተምረው ብዙ ያውቃሉ። ያን ዕውቀት መምህራን ይጠይቋቸው፥ ከልጆችም ጋራ ዝናሙንና ነፋሱን በየቀኑ በደብተር ይጻፉት። የሃቫናው ካህን የብዙ ሰው ነፍስ ያዳኑት በየዕለቱ ያዩትን ሳይሰለቹ በመጻፍ ነው፤ ኮርቻ ሠሪውም የማዕበሉን ምሥጢር ያገኘው የወደቀ ዛፍ በማየትና ስለ ምን? ብሎ በመጠየቅ ነው። ለሁለቱም የሚያስፈልገው ዕቃ ዓይን፥ ብዕርና ትዕግሥት ነው፤ እነዚህም በየመንደሩ ትምህርት ቤት ይገኛሉ።